ፍራንከን ጎዳና 210፦ የአንድ ጦር ሰፈር ሦስት ባለቤቶች

ጀርመን አገር ጥገኝነት ጠይቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ቢጫውን ፖስታ አይረሳውም። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። የይግባኙ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው። ውስጡ ያለው «ፖዘቲቭ» ከሆነ እሰየው! «ኔጋቲቭ» ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም አንድ ሳምንት ብቻ፣ ጠበቃና አስተርጓሚ ፍለጋ ሩጫ ነው። ደብዳቤውን የሚልከው የፌዴራል የፍልሰትና የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሲሆን ሰዉ በጀርመንኛ ምህጻሩ «ባምፍ» ይለዋል። የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ ኑርንበርግ ከተማ፣ ፍራንከን ጎዳና፣ ቁጥር 210 ነው። ሕንፃው ሲሠራ ግን የታሰበው ለስደተኛ ጉዳይ አልነበረም። የተሠራው ለሃይንሪሽ ሂምለር ጦር፣ ለኤስኤስ ነበር።

የአሳዳጁ ቤት ለተሳዳጅ ተረፈ ብሎ መተረክ ይጣፍጣል። እኔን ግን አያጠግበኝም። ይህን ቤት ከእጅ ወደ እጅ ያሻገረው የሕሊና ወቀሳ ሳይሆን የቦታ ችግር፣ የጦር ኃይሎች መምጣትና መሄድ፣ የመንግሥትም ባዶ ሕንፃ የመጠቀም ልማድ ነው። በርሊን ላይ የጎሪንግ የአየር ኃይል ሚኒስቴር የነበረው ግዙፍ ሕንፃ ዛሬ የፌዴራሉ ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ የናዚ ዘመኑ ብሔራዊ ባንክም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆኗል። ድንጋዩ ጠንካራ፣ ክፍሉ ብዙ ከሆነ ቢሮ ይገባበታል። የኑርንበርጉ ሰፈር ታሪክ የሚጥመውም ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ሲያዩአቸው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኑርንበርግ የናዚ ፓርቲ የጉባኤ ከተማ ነበረች። ከ1933 እስከ 1938 በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በባቡር ይጎርፍባት ነበር። አይሁዶችን ከዜግነት ያወጣው ሕግ የታወጀው እዚሁ በ1935ቱ ጉባኤ ላይ ነው። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ለዚህ ትርኢት የታቀደው ሥፍራ 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። አጠቃላይ ንድፉን ያወጣው አልበርት ሽፔር ነው፤ የጉባኤውን አዳራሽ ግን የተረከቡት የኑርንበርግ ሰዎች፣ አባትና ልጅ አርክቴክቶች ነበሩ። አባትየው ሉድቪግ ሩፍ በ1934 ሞተና ሥራው ለልጁ ለፍራንትስ ቀረ። አዳራሹ ጣሪያ ሳይለብስ ቀርቶ እስከ ዛሬ እንደ ተከፈተ ቆሟል። ፍራንትስ ሩፍ ጨርሶ ያስረከበው ሌላውን ሥራ ነው፦ በጉባኤው ሥፍራ ጠርዝ ላይ የቆመውን የኤስኤስ ሰፈር።

ሰፈሩ ለመኝታና ለልምምድ ብቻ የታሰበ አልነበረም። መልኩ ራሱ ይናገራል። ረጅም ፊት፣ በድንጋይ የለበሰ፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ፣ ከኋላው ግቢዎችን አቅፎ የያዘ ነው። በ1935 የግዴታ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ጀርመን ውስጥ የጦር ሰፈር ያልተሠራበት ከተማ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ግን በየዳርቻው የተሰለፉ ተራ ሕንፃዎች ናቸው። ይኼኛው የመድረክ ግድግዳ ሆኖ እንዲያገለግል የታሰበ ነበር፤ ወደ ጉባኤው ሥፍራ የሚመጣው እንግዳ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ። የሚኖሩበትም ወታደሮች ተመርጠው የሚገቡ ነበሩ። የኤስኤስ ተራ አባል ዘሩ እስከ 1800 ድረስ፣ መኮንን ከሆነ ደግሞ እስከ 1750 ድረስ «ንጹሕ» መሆኑን በሰነድ ማስረዳት ነበረበት። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ከየቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ይለቀም ነበር። ጦርነቱ ሲጠናና ሰው ሲያልቅ ኤስኤስ ይህን ወግ አላላው፤ የባዕድ አገር ሰዎችንም በገፍ መዘገበ።

እዚህ ላይ ታሪክ ያላገጠበትን ነገር ልጥቀስ። ሰፈሩ ያለቀው በ1939 ነው። የዚያ ዓመት ጉባኤ ስሙ አስቀድሞ ወጥቶለት ነበር፤ «የሰላም ጉባኤ» የሚባል። በመስከረም መጀመሪያ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ሂትለር ጦሩን ፖላንድ ላይ አዘመተና ጉባኤው ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ኑርንበርግ ላይ ሌላ ጉባኤ አልተደረገም። የጉባኤው ጌጥ እንዲሆን የተገነባው ሰፈር ጉባኤ ሳያይ ቀረ።

በጦርነቱ ዓመታት ሰፈሩ የኤስኤስ መገናኛ ወታደሮች፣ የሬዲዮና የስልክ ሠራተኞች፣ ማሰልጠኛ ሆነ። ቀሪው ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። ከ1941 ጀምሮ በዚያው ግቢ እስረኞች እንዲሠሩ ተደረገ፤ መጀመሪያ ከዳካው ማጎሪያ የመጡ፣ በኋላም በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ሥር የተመዘገቡ። ፍሎሰንቡርግ ራሱ የተቋቋመው በ1938 ከግራናይት ካባ አጠገብ ነው፤ ኤስኤስ ለናዚ ሕንፃዎች ድንጋይ ለማስፈለጥ ሲል። ስለዚህ የኑርንበርግ የጉባኤ ሥፍራ ውበት ሲነሳ ድንጋዩን የፈለጠው ማን እንደሆነም መነሳት አለበት።

በሚያዝያ 1945 አሜሪካኖች ከተማዋን ከበቡ። ውጊያው በየቤቱና በየፍርስራሹ ነበር። ከተማዋ የወደቀችው ሚያዝያ 20 ቀን፣ በሂትለር የልደት ቀን ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሎኸ በምትባል መንደር አጠገብ የ3ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር አባል የሆነ ጆሴፍ ሜረል የተባለ ተራ ወታደር ጓዶቹን ያገደውን ሁለት የመትረየስ ምሽግ ብቻውን አጥቅቶ ካፈረሰ በኋላ ተገደለ። የኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ ልጅ ነበር። ከሞተ በኋላ የአሜሪካ ትልቁ የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው፤ ድል አድራጊዎቹም የኤስኤስን ሰፈር በስሙ ጠሩት። «ሜረል ባራክስ» ተባለ። ቤቱን ከአርባ ዓመት በላይ የያዘው ይህ ስም ነው። ስለ ሕንፃው ሲጻፍ ግን የአሜሪካኖቹ ዘመን በሁለት መስመር ይታለፋል፤ የቤቱን ዕድሜ ከግማሽ በላይ የበሉት ዓመታት እነዚህ ሆነው ሳለ።

አሜሪካኖቹ የጉባኤውን ሥፍራ እንዳገኙት ተጠቀሙበት። የሂትለር መድረክ የነበረውን የዜፔሊን ሜዳ፣ አናቱ ላይ የነበረውን ትልቅ ስዋስቲካ በፈንጂ ካነሱለት በኋላ፣ የወታደር መጫወቻ አደረጉት። ስድሳ ሜትር የሚሰፋው፣ ለሰልፍ ተብሎ በግራናይት የተነጠፈው ታላቁ ጎዳና የአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። የተከበረ ነገርን ተራ ማድረግ ያውቁበታል። ነገር ግን ሂትለርን ያሸነፈው ጦር ራሱ በቆዳ ቀለም የተከፈለ ነበር። ጥቁሩ ወታደር በጥቁሮች ክፍል፣ ነጩም በነጮች ክፍል ውስጥ ያገለግል ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ይህ እንዲቀር ያዘዙት በ1948 ነው፤ ጀርመን ውስጥ በሥራ ላይ እስኪውል ደግሞ ዓመታት ወሰደ። ዘሩን እስከ 1800 ቆጥሮ ላስመሰከረ ሰው በተሠራ በር ጥቁርና ነጭ ወታደር በአንድ ረድፍ ገብተው የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ተቃርኖ የሚፈልግ ጸሐፊ ከባምፍ በፊት ይህንን ቢያነሳ ይሻለው ነበር።

ሜረል ባራክስ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በ2ኛው የብረት ለበስ ፈረሰኛ ሬጅመንት መምሪያነቱ ነው። ፈረሱ ስም ብቻ ነው፤ ሬጅመንቱ በታንክና በብረት ለበስ መኪና የሚጓዝ ነበር። ሥራው በሰሜንና በምሥራቅ ባየርን በኩል ያለውን የምሥራቅ ጀርመንንና የቼኮስሎቫኪያን ድንበር መጠበቅ፣ የሶቪየት ታንክ ድንገት ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ምት ችሎ ጊዜ መግዛት ነበር። ታንኩ አልመጣም። በቬትናም ጦርነት ማብቂያ ጀርመን የነበረው የአሜሪካ ጦር የተፈተነው ከድንበር ወዲያ ባለው ጠላት ሳይሆን በየሰፈሩ በገባው አደንዛዥ ዕፅና በጥቁርና በነጭ ወታደሮች ግጭት ነው። ያን ጊዜ ያገለገሉ ሰዎች የሚያወሩትን ለሰማ፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት ይልቅ የሚያስፈራው ቅዳሜ ማታ ነበር።

የሬጅመንቱ ትልቅ ውጊያ የመጣው የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላና በሌላ አገር ነው። በ1990 መጨረሻ ለባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ታዘዘ፤ በየካቲት 26 ቀን 1991 በኢራቅ በረሃ ከአገሪቱ ምርጥ ጦር፣ ከሪፐብሊካን ጋርድ ጋር ተዋጋ። ለኑርንበርግ ሜዳ የሠለጠነ ታንከኛ በአሸዋ አውሎ ነፋስ ውስጥ አሸነፈ። ወደ ሰፈሩ ቢመለስም የሚጠብቀው ድንበር አልነበረምና በ1992 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያው ሰሞን በመላ ጀርመን ሰፈሮች ባዶ እየሆኑ ነበር፤ አሜሪካኖቹ፣ እንግሊዞቹ፣ ፈረንሳዮቹ፣ ሩስያውያኑም ይወጡ ነበር። ፍራይቡርግ ላይ ፈረንሳዮች የለቀቁት የቮባን ሰፈር መኪና የማይበዛበት የመኖሪያ መንደር ሆኖ በዓለም ታወቀ። የኑርንበርጉ ግን ቅርስ ነው ተብሎ የተጠበቀ፣ ለመኖሪያ የማይመች ግዙፍ ሕንፃ ነበር። ጀርመኖች የኤስኤስን ስምም የሜረልን ስምም ትተው «የደቡብ ሰፈር» አሉት፤ ቀጥሎም ተከራይ መጣለት።

ተከራዩን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ባምፍ የተወለደው በጥር 1953 ነው፤ ያኔ ስሙ የባዕድ ስደተኞችን ማንነት አውቆ የሚቀበል የፌዴራል አገልግሎት ሲሆን ሠራተኞቹ 40 ያህል ነበሩ። የተቋቋመበት ቦታ የኑርንበርግ ላንግቫሰር ሰፈር፣ ቫልካ ካምፕ ነው። ላንግቫሰር ደግሞ የዚያው የጉባኤ ሥፍራ ክፍል ነው። ለጉባኤ የመጡ የፓርቲ ሰዎች የሚያድሩበት ድንኳንና የእንጨት ቤት ነበረ፤ ጦርነቱ ሲጀመር የጦር ምርኮኞች ታጎሩበት፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አሜሪካኖች ራሳቸውን የኤስኤስ ሰዎችን አሰሩበት። በሚያዝያ 1946 ከሆሎኮስት የተረፉ አይሁዶች ያቋቋሙት ናካም የተባለ የበቀል ቡድን ለእነዚህ እስረኞች የሚሄደውን ዳቦ አርሰኒክ ቀባ። ብዙዎች ታመሙ፤ የሞተ ሰው ስለመኖሩ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ቀጥሎ ካምፑ አገራቸው በሶቪየት እጅ የወደቀባቸው የላትቪያና የኢስቶኒያ ስደተኞች መጠለያ ሆነ፤ ስሙንም ያወጡለት በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ባለች ከተማ ነው። በመጨረሻ ከኮሚኒስት አገሮች የሚሸሽ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሆነ።

ስለዚህ የጀርመን የጥገኝነት መሥሪያ ቤት ወደ ናዚ ሥፍራ የሄደው ወደ ሰፈሩ በገባበት በ1996 አይደለም፤ የተወለደው እዚያው ነው። ቫልካ በ1960 ሲዘጋ ከኑርንበርግ ጎን ወዳለችው ወደ ትንሿ ከተማ ወደ ሲርንዶርፍ ዞረ፤ ከሦስት አሥርት ዓመት በላይም እዚያ ቆየ። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ከደርግ የሸሹ ኢትዮጵያውያን፣ ከጦርነቱም የሸሹ ኤርትራውያን፣ ፋይላቸው የተወሰነው ከዚያ ነው። ኤርትራ ነጻ እስክትወጣ ድረስ ሁሉም የሚመዘገቡት በኢትዮጵያዊነት ስለነበር በመሥሪያ ቤቱ አኃዝ ውስጥ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

በ1949 የጸደቀው የጀርመን ሕገ መንግሥት በፖለቲካ የተሰደደ ሰው ጥገኝነት የማግኘት መብት እንዳለው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይደነግግ ነበር። ጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ከሂትለር ሸሽተው በሰው አገር የኖሩ ናቸው። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስና የምሥራቁ ድንበር ሲከፈት ግን በ1992 ብቻ 438,191 ሰው አመለከተ። ሲርንዶርፍ ይህን ሊሸከም አልቻለም። በ1993 የአገሪቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ተስማምተው አንቀጹን አጠበቡት፦ ከአውሮፓ ኅብረት አገር ወይም «አስተማማኝ» ከተባለ ሦስተኛ አገር በየብስ የገባ ሰው በሕገ መንግሥቱ መጠቀም አልቻለም። ጀርመን ደግሞ ዙሪያዋን እንዲህ ባሉ አገሮች የተከበበች ናት። ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው ጥበቃ ያገኘው በሕገ መንግሥቱ ሳይሆን በ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1996፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ኤስኤስ ሰፈር ገባ። ጣፋጩ ተረት የሚዘለው ይህንን ቅደም ተከተል ነው። የተሳዳጁ መሥሪያ ቤት ወደ ግዙፉ ቤት ሲገባ፣ የተሳዳጁ በር ቀድሞ ጠቦ ነበር።

በ2005 መጀመሪያ ስሙ ሰፍቶ የዛሬው ባምፍ ሆነ፤ ሥራውም እንዲሁ። ሐበሻው የሚቀመጥበት የ600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት ያለው «ኢንተግራሲዮን ኩርስ» የሚመራው ከዚሁ ነው። ለቃለ መጠይቅ ግን ፍራንከን ጎዳና የሚጠራ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ያ የሚደረገው በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ቅርንጫፎች ነው። ዋናው ቤት መመሪያ ያወጣል፤ ስለየአገሩ መረጃ ይሰበስባል። ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ጂግጂጋ፣ ስለ አስመራ እስር ቤት የተጻፈ ዘገባ የሚነበበው በእነዚያ ረጃጅም ኮሪደሮች ውስጥ ነው።

2015 ሲመጣ ቤቱ ከአቅሙ በላይ ተጫነ። በነሐሴ ማብቂያ ሶርያውያንን ወደ መጀመሪያ የገቡበት አገር መመለስ በተግባር እንደቆመ በትዊተር አስታወቀ፤ ወሬው የስደቱን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ናኘው። በመስከረም የመሥሪያ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማንፍሬድ ሽሚት ሥልጣን ለቀቁ፤ የፌዴራሉን የሥራ ስምሪት ድርጅት ይመሩ የነበሩት ፍራንክ ዩርገን ቫይዘ ሁለቱንም ደርበው ያዙ። በዚያ ዓመት 476,649፣ በቀጣዩ ደግሞ 745,545 ማመልከቻ ገባ። ሠራተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ አዲሶቹ በጥቂት ሳምንት ሥልጠና ስለ ሰው ዕጣ እንዲወስኑ ተደረገ።

የዚያን ጊዜውን ጥድፊያ ከየትኛውም አኃዝ ይልቅ አንድ ጉዳይ ያሳየዋል። የጀርመን ጦር አባል የሆነ መኮንን የደማስቆ ክርስቲያን ፍራፍሬ ሻጭ ነኝ ብሎ ጥገኝነት ጠየቀ። ዓረብኛ የሚችለው ለስም ያህል ስለነበር ቃሉን በፈረንሳይኛ ሰጠ፤ ቃለ መጠይቁም የተደረገው እዚያው ሲርንዶርፍ ነው። በታኅሣሥ 2016 ጥበቃ ተፈቀደለት። የተጋለጠው በ2017 መጀመሪያ፣ ቪየና አየር ማረፊያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የደበቀውን ሽጉጥ ሊወስድ ሲል ተይዞ፣ አሻራው ከአንድ «ሶርያዊ» አሻራ ጋር ስለገጠመ ነው። የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት በ2022 የቀኝ አክራሪ ጥቃት በማቀድ አምስት ዓመት ተኩል ፈረደበት። የዚያኑ ሰሞን የእውነቱን የተናገረ ስንት ሐበሻ፣ የተወለደበትን ቀበሌ ወይም ወረዳ ስም አሳስተሃል ተብሎ «ታማኝነት የለውም» የሚል ተጻፈበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም።

ኢትዮጵያውያን አመልካቾች በብዛት የሚመደቡት ባየርን ስለሆነ ስለ አገራችን የተሰጡት ፍርዶች አብዛኞቹ የዚያ ክልል ፍርድ ቤቶች ናቸው። ከ2018 በፊት ግንቦት 7 ወይም ኦነግ የሚል ፋይል ክብደት ነበረው። በየካቲት 2019 የባየርን ከፍተኛ አስተዳደር ፍርድ ቤት ኢትዮጵያ ውስጥ መሠረታዊ የፖለቲካ ለውጥ መጥቷልና የእነዚህ ድርጅቶች ደጋፊ መሆን ብቻውን ለአደጋ አይዳርግም ሲል ወሰነ። በኅዳር 2020 ትግራይ ላይ ጦርነቱ ፈነዳ፤ በኋላም በአማራ ክልል ቀጠለ። ሁኔታው ተለውጧል የሚል ሰው ሕጉ የሚፈቅድለት «ፎልገአንትራግ» የሚባለውን ተከታይ ማመልከቻ ነው። እሱም በፖስታ አይላክም፤ አመልካቹ ቀድሞ ወደተመደበበት ቅርንጫፍ ራሱ ሄዶ፣ ያኔ ያልነበረ አዲስ ማስረጃ ይዞ ማቅረብ አለበት።